የናሆም ክብደት

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ንስሐ አባቴ እንኳ «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ፣ «ሌላ የለም አባቴ» ብዬ መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጥቻለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ይሆናል።

ቤቴል አካባቢ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የመኪና ግጭት ሙከራ ቪዲዮ አሳያለሁ። መኪናው ግድግዳ ገጭቶ ይቆማል፤ ውስጡ ያለው አሻንጉሊት ግን አይቆምም፣ በነበረበት ፍጥነት ወደ ፊት ይወረወራል። ከዚያ ሰሌዳው ላይ እናሰላለን። በሰዓት ሃምሳ ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በቅጽበት ሲቆም፣ አሥር ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ታቅፎ ለማስቀረት ከኩንታል በላይ የሚያነሳ ጉልበት ይጠይቃል። «ኩንታል ጤፍ በክንዱ የሚይዝ አለ?» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ።

ይህን እያወቅኩ ነው ታናሽ እህቴን ትዕግስትን፣ ልጇን ናሆምን እንደታቀፈች ከፊት ያስቀመጥኳት። እሑድ ነበር፤ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ቤቷ ላደርሳት።

«ከኋላ ብትሆኑ አይሻልም? ድንገት ግጭት ቢፈጠር...» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ አታሟርትብን! እናት ልጇን ትለቃለች?»

ሟርተኛ ላለመባል ዝም አልኩ። የራሴን ቀበቶ ግን አሰርኩ። እሷም አሰረች። ናሆም በእጇ ብቻ ነበር።

መንገዱን ጭር ብሎ ሳገኘው ነዳጁን ረገጥኩት። ከፊቴ የቆመውን የጭነት መኪና አይቼ ፍሬን ስይዝ ጊዜው አልፎ ነበር። ናሆም ገና ዓመቱ ነበር። በማግስቱ ቀበርነው።

ጥፋቴ ይህ ብቻ ቢሆን ምንኛ በወደድኩ! ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ባሏ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «በስንት ነበር የምትነዳው?» አለኝ። እኔስ ምን አልኩ? «ፍሬን ይዤ ነበር እኮ፤ አጥብቃ ብትይዘው ኖሮ...» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ትዕግስት አጠገቤ ነበረች። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ እጆቿን አየች። አመነችኝ። እንዴት አታምነኝም? ታላቋ ነኝ፤ ያውም መምህር።

ይኸው ዓመታት አለፉ። ትዕግስት ሌላ አልወለደችም። ጎረቤት ሕፃን ሲያቀብላት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ትከታለች። «እኔ እለቃለሁ፣ ለሌላ ሰው ስጪው» ትላለች። እኔ ፈሪው አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። አንድ ቃል መተንፈስ እንዴት ያቅተኛል?

ዘንድሮም ቪዲዮውን አሳየሁ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የያዘችው እናቱ ብትሆንስ?»

«እናቱም ብትሆን አትችልም» አልኳት። «ጥፋቱ የእሷ አይደለም።»

ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። በየዓመቱ ለባዳ ልጆች የማስተምረውን ለእህቴ አልነገርኳትም። ዛሬም እጇን ትደብቃለች።