የጋሽ ነስሩ ሻይና የደበቅኩለት ነገር

ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ "ነስሩን መኪና ገጨው፣ አልተረፈም" ሲሉኝ፣ "እሱ እኮ አሁን ሻይ እየጣደ ነው" ብያለሁ። በዚያ ሰዓት ሁሌም በራዱን ይጥዳላ!

ከአሱር ሶላት በኋላ ቀበሩት።

ለማታውቁት፣ ጋሽ ነስሩ እዚህ ቡታጅራ የመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ስድስት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን ሠርተናል። ዝንጅብሉን ጠረጴዛው ላይ በድንጋይ ይወቅጠዋል፣ ግው ግው። ስኳሩን ሲያማስል ማንኪያው ብርጭቆውን ሊሰብረው ይደርሳል። ሲጠጣማ ፉት የሚልበት ድምፅ ኮሪደር ድረስ ይሰማል፤ ባለጉዳይ እንኳ ዞሮ ያያል።

ስንቆጣው "መጀመሪያ ሻይ፣ ጠቡ ይደርሳል" ብሎ ብርጭቆ ያቀብለናል።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ባሰበት። በሩን ጓ አድርጎ ይዘጋል፣ ስልክ ሲያወራ ይጮኻል። አለቃችን ሁለቴ አስጠነቀቀው። እኔም አንድ ቀን መረረኝና "ጋሽ ነስሩ፣ በአላህ! ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው!" አልኩት። ጀርባውን እንደሰጠኝ ዝም አለ። የናቀኝ መሰለኝ።

አጠገቡ በራዱ ገንፍሏል። ክዳኑ ይንቀጫቀጫል፣ ውሃው ስቶቩ ላይ እየፈሰሰ ቸስ ይላል። እሱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሞ ፋይል ያገላብጣል። ያኔ ተጠራጠርኩ። ተነስቼ ትከሻውን ስነካው ብርግግ አለ።

በሩን ዘጋና ጠጋ አለኝ። "ሰናይት፣ የግራው ጆሮዬ ከጠፋ ቆየ። ቀኙም እየሄደ ነው። ለማንም እንዳትነግሪ፤ ለባለቤቴም ቢሆን።"

"ታከማ ጋሼ!"

"ልጆቹ ፈተና ሲጨርሱ አዲስ አበባ ሄጄ እታያለሁ። አሁን ከሰሙ ከሥራ ያነሱኛል። ማይልኝ።"

ማልኩለት።

ከዚያ ወዲያ ልቤ አላረፈም። ከሥራ ሲወጣ አስፋልቱን እስኪሻገር በመስኮት አየዋለሁ። የዛሬ ወር ገደማ አንዲት ባጃጅ ከኋላው እየጮኸች መጥታ ኮቱን ታክካው አለፈች። እሱ አላወቀም። ቀና ብሎ አየኝና እጁን አወዛወዘልኝ፣ እየሳቀ። እኔ መስኮቱን ይዤ ቀረሁ። "ነገ ለባለቤቱ ለዘይነብ እነግራታለሁ" እላለሁ፣ ይነጋል፣ ዝም እላለሁ። የልጆቹ ፈተና ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው።

አሁን ልቅሶ ቤት የሚወራው ስለ ሹፌሩ ብቻ ነው። "ክላክስ ሳያደርግ ነው የገጨው" ይላሉ። እናንተም እዚህ ፌስቡክ ላይ ስትጽፉ አያለሁ። የሹፌሩን ፎቶ የለጠፈ አለ፣ ቤቱ የት እንደሆነ የጠየቀ አለ፣ "እናሳየዋለን" ያለ አለ። ሹፌሩ ጣቢያ ነው። "ሦስቴ ክላክስ አደረግኩ፣ ዞር አላለም" እያለ ይምላል አሉ። የሚያምነው ጠፋ።

እኔ አምነዋለሁ።

ከቀብር በኋላ ዘይነብን ጓዳ ወስጄ ሁሉንም ነገርኳት።  "ስጠራው ዝም ሲለኝ የጠላኝ መስሎኝ ነበር" አለች። ይሄን ያለችበት ድምፅ ከጆሮዬ አይወጣም። ላቅፋት ስል እጄን ያዘችና "ሂጂ ተናገሪ። ሌላ ቤት ደግሞ ልቅሶ እንዳይገባ" አለችኝ።

ይሄን የምጽፈው ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጬ ነው። ውጭ የተሰበሰቡ ወጣቶች አሉ፤ ማንን እንደሚጠብቁ አልጠየቅኩም። ፎቶውን የለጠፋችሁ፣ እባካችሁ አሁኑኑ አጥፉት።

ጋሽ ነስሩ፣ በጊዜው ብናገር ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበርክ። ያኔ መሐላዬን ጠበቅኩ፤ ዛሬ አንተ አፈር ከገባህ በኋላ አፈርሰዋለሁ። ከቻልክ ይቅር በለኝ። አላህ ይዘንልህ፣ ማረፊያህን ጀነት ያድርግልህ። ደህና ሁን ጋሼ። ስሜን ጠሩ፣ ልገባ ነው።