ውሃ ላይ የቆምኩበት ቅዳሜ

ሚኒሶታ የገባሁት በጥር ነው። ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሴንት ፖል ካለው ዶርም ብቻዬን ወጣሁ። ይህን ኮሌጅ የመረጥኩት በሐይቆቹ ምክንያት ነው። የላኩልኝ ፎቶ ላይ ቢጫ አሸዋ፣ ጃንጥላ፣ በዋና ልብስ የተጋደሙ ተማሪዎች ነበሩ። አዲስ አበባ ተወልዳ ላደገች ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እርግጥ ብርድ መሆኑን አውቃለሁ። አሸዋው ላይ ተቀምጬ ውሃውን ማየት ግን ማን ይከለክለኛል?

ባቡር ይዤ ሚኒያፖሊስ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ፕሊማውዝ የሚባል ከተማ ወረድኩ። የስልኬ ካርታ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ነገር አጠገብ መሆኔን ያሳያል። ጓንቴን አውልቄ ልነካው ስል ስልኩ ድርግም አለ። ባትሪው ሙሉ ነበር፤ ብርዱ ነው የገደለው። አፍንጫዬ ውስጥ ያለው ፀጉር እርስ በርሱ ተጣብቋል።

ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ነጭ ሜዳ ተዘርግቷል። አንዲት ሴት ውሻዋን ታንሸራሽራለች። ራቅ ራቅ ብለው ትንንሽ ድንኳኖች ተተክለዋል። ፓርክ መሰለኝ። ሐይቁ ከማዶ፣ ከዛፎቹ ጀርባ መሆን አለበት ብዬ ሜዳውን ማቋረጥ ጀመርኩ።

መሀል ስደርስ ከእግሬ ሥር አንድ ነገር አጓራ። ነጎድጓድ ይመስላል፤ ግን የመጣው ከታች ነው። ከሩቅ ተነስቶ በሥሬ አልፎ ሄደ።

«እመብርሃን!» ብዬ ጮህኩ።

ቅርቤ ካለው ድንኳን አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «ሐበሻ ነሽ እንዴ?» አሉኝ በአማርኛ፣ የትግርኛ ቅላጼ ባለው አማርኛ።

«አባባ፣ ምንድን ነው የጮኸው?»

«በረዶው ነዋ። ብርዱ ሲጠና እንዲህ ያጓራል። የት ልትሄጂ ነው?»

«ሐይቁን ለማየት።»

ጎንበስ ብለው እግሬን አዩ። «የኔ ልጅ፣ ላዩ ላይ ቆመሽ?»

ያልገባኝ መሆኑን ሲያዩ የድንኳኑን በር ከፈቱልኝ። በረዶው ወለል ላይ አሳ የሚያጠምዱበት፣ ድስት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ውስጥ ጥቁር ውሃ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። አጠገቡ አንዲት አሳ ትንፈራገጣለች።

የማስታውሰው በሆዴ ከተኛሁ በኋላ ያለውን ነው። ክብደቴን ለመበተን ይሁን ለመደበቅ እንጃ፣ እጅና እግሬን ዘርግቼ በረዶው ላይ ተለጥፌያለሁ። ይህን ሁሉ መንገድ በውሃ ላይ ነው የመጣሁት።

«አጆኺ፣ አይዞሽ! በጣም ወፍራም ነው» አሉኝ። «መኪና ሁሉ ድራይቭ ያደርጉበታል።»

ሊያጽናኑኝ ሲዋሹ ነው ብዬ ነበር። ወዲያው ግን አንድ ቀይ ፒክአፕ ከዳር ተነስቶ፣ አስፋልት ላይ እንዳለ ሁሉ፣ ወደ እኛ መጣ። ሾፌሩ እጁን አውለበለበልን። መሬቱ፣ ማለቴ ውሃው፣ በደረቴ ሥር ሲርገበገብ ተሰማኝ። ጮህኩ።

«ቀስ በይ፣ አሳውን ታስደነግጪብኛለሽ» አሉኝ ሽማግሌው።

ሻይ ከቴርሞስ ቀዱልኝ፤ ተኝቼ ስለነበር ግማሹ አንገቴ ውስጥ ገባ። የምፅዋ ልጅ መሆናቸውን፣ ከመራመዳቸው በፊት ዋና እንደቻሉ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ክረምቱን እዚህ እንደሚያሳልፉ ነገሩኝ። «መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ እኔም ፈርቻለሁ። የባሕር ልጅ ስለሆንኩ ደግሞ ይብስብኛል፤ ውሃ እንደማይታመን አውቃለሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም በረዶው መሳሳት ሲጀምር ከሌሎቹ በፊት ነው ወደ ዳር የምወጣው።»

እንድነሳ ቢለምኑኝ፣ ቢቆጡኝ፣ አንድ እርምጃ መሄድ አቃተኝ። በመጨረሻ ዕቃቸውን ከሚጎትቱበት የፕላስቲክ ሸርተቴ ላይ ባልዲውንና የበረዶ መሰርሰሪያውን አወረዱና «ተቀመጪበት» አሉኝ። በዕድሜ አባቴን የሚበልጡ ሰው ገመዱን ትከሻቸው ላይ አድርገው ጎተቱኝ። ጫማቸው በረዶውን ሲፈጭ እየሰማሁ ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩ። ውሻዋን የምታንሸራሽረው ሴት ስቃ «ሃቭ ፈን!» ስትለኝ ሰማሁ።

ሸርተቴው ቆመ። «ደርሰናል፣ ክፈቺ» አሉኝ። ከበረዶው ውስጥ አንድ ምልክት ብቅ ብሏል፤ ዋና የሚፈቀደው ከዚህ እስከዚያ ነው ይላል። ያ በፎቶ ያየሁት ዓይነት አሸዋ ከሥሬ አንድ ክንድ ወርዶ ተቀብሯል። ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ እንባዬ ጉንጬ ላይ ሳይረጋ እንድጠርገው መሐረባቸውን ሰጡኝ።

በመኪናቸው ሴንት ፖል ድረስ አደረሱኝ። ማታ እናቴ ደውላ «ሐይቁ ያምራል?» ስትለኝ «ቆሜበት መጣሁ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ነጭ ሜዳ ባየሁ ቁጥር ዳር ዳሩን ነበር የምሄደው። የኮሌጃችንን የእግር ኳስ ሜዳ እንኳ፣ ጎሎቹ ቆመው እያየሁ፣ ዞሬው አልፍ ነበር።