እናቴ «ሰማንያ አራት» ያለችው ዓመት

ባለፈው ሳምንት ሮቫ ዩድ በሚባለው ሰፈራችን ክሊኒክ ውስጥ ተራ ስጠብቅ፣ ሐኪሙ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ለእናቷ እንድታስተረጉም ጠራት። በሩ ክፍት ነበር። ልጅቷ የእናቷን ሕመም በዕብራይስጥ ለመናገር አፍራ ጫማዋን ታያለች። ሳላስበው ብድግ አልኩ።

እኔም አስተርጓሚ ነበርኩ። በኛ ቤት ዕብራይስጥ ቶሎ የገባው ልጅ የባንኩንም የትምህርት ቤቱንም ወረቀት ያነባል፤ ማንም እንደ ነውር አያየውም።

ታላቅ እህቴ ዝናሽ በሃያ ሁለት ዓመቷ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ከሰሰች። ከአዲስ አበባ እንደመጣን ባረፍንበት መጠለያ፣ ገና በዘጠኝ ዓመቷ፣ አንድ ጥበቃ ደፍሯት ነበር። ያኔ የነገረችው ለእናታችን ብቻ ነው።

መርማሪው እናቴን ለምስክርነት ሲጠራ አስተርጓሚ አላመጣም። «አንተ አለህ አይደል?» አለኝ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ ስትናገር ዓይኔን ከጠረጴዛው አላነሳሁም።

«መቼ እንደነገረቻት ጠይቃት።»

«በሰማንያ አራት፣ ከሰግድ በዓል በኋላ» አለች እናቴ።

«በሰማንያ አራት» አልኩት። ቶሎ ለመውጣት ቸኩዬ ነበር። ጻፈ፤ ሳያነብላትም አስፈረማት።

በዚያው ክረምት ዝናሽ ወደ ሥራ ስትሄድ በመኪና አደጋ ሞተች። ለቅሶ ላይ ሳለን ከፖሊስ ደብዳቤ በስሟ መጣ። መዝገቡ ተዘግቷል፤ የምስክሯ ቃል ከአቤቱታው ጋር ይጋጫል ይላል።

ደብዳቤውን ይዤ ጣቢያ ሄድኩ።

«እናንተ የመጣችሁት በዘጠና አንድ፣ እናትህ የምትለው ሰማንያ አራት» አለኝ መርማሪው። «ታዲያ ሰውየው እንዴት ነካት? በፖስታ?»

የሥራ ጓደኛው ሳቀ። ደብዳቤውን አጥፌ ወጣሁ።

የገባኝ በእግሬ ስመለስ ነው። ዝናቡ አባርቶ የባሕሩ ነፋስ ጨው ጨው ይላል። እናቴ የቆጠረችው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው! የኛ ሰማንያ አራት የነሱ ዘጠና አንድ። እህቴን ውሸታም ያስባላት የኔ አፍ ነው። ቆይቶ ግን ሌላም ነገር ገባኝ። እኔ ተሳሳትኩ፤ መርማሪው ግን አልጠየቀም። የመጣንበት ዓመት እፊቱ ተጽፏል። አንዲት ጥያቄ ትበቃ ነበር።

ያኔ ወደብ ላይ ጭነት አወርድ ነበር። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ጣቢያ እሄዳለሁ።

«ደግሞ መጣህ? አልጋ እናንጥፍልህ?» ይለኛል በረኛው።

«ከሳሿ ሞታለች፣ ምን ትፈልጋለህ?» ይሉኛል ውስጥ።

«ቃሉ ይታረም» እላለሁ። በማግስቱም ያንኑ እላለሁ።

ብርቱካን ተለቅሞ ሲያልቅ አንዲት ሴት መርማሪ ጠራችን። የማናውቃቸው ጎንደሬ ሽማግሌ ሊያስተረጉሙ መጥተዋል። ልገባ ስል እናቴ ደረቴን በእጇ ገፋችኝ።

«አንተ ውጪ ጠብቅ፣ የኔ ልጅ። ያን ለት አንተ ፊት ያልተናገርኩት አለ።»

ከሰዓት በላይ ቆየች። ስትወጣ «አነበቡልኝ። እኔ ያልኩትን ነው» አለች።

ጥበቃው አልተከሰሰም፤ ዝናሽ የለችማ። ሁለተኛው ደብዳቤ ግን የምስክሯ ቃል ከአቤቱታው ጋር ይስማማል ይላል። እናቴ ራስጌዋ አስቀምጣዋለች። እኔን አልበቃኝም፤ ዛሬም አይበቃኝም።

«ልጅቷ ትውጣና አስተርጓሚ ጥራ» አልኩት የክሊኒኩን ሐኪም፣ በሩ ላይ ቆሜ።

«ጊዜ የለኝም፣ ሰውዬ። ተቀመጥ!»

ከበሩ አልተነሳሁም። አጉረመረመና ስልኩን አነሳ፤ ከወዲያ አማርኛ የምትናገር ሴት ተገኘች። ልጅቷ ወጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

«እናቴን ምን እያሏት ነው?» አለችኝ።

«እኔም አላውቅም፣ እህቴ» አልኳት። «አንቺም ማወቅ የለብሽም።»