ጃንዋሪ የሚከፈተው ትምህርት ቤት

ከሻንቶ የወጣሁት ሌሊት ሊነጋ ሲል ነው፤ ነገሩ ግን የጀመረው ማታውኑ ነው። ሐምሌ ነበር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሊበሳው ደርሷል፣ አባቴ ግን ዝናቡንም አልሰማም። «ከሰው በፊት ደርሰሽ ተረጋጊ፤ ምዝገባው ሳይጨናነቅ ስምሽን አስገቢ» እያለ ከበሩ ወደ ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ በሩ ይመላለሳል። አባቴ መምህር ነው፤ ስለ ምዝገባ ሲያወራ የሚቀድመው የለም። እናቴ ደግሞ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል የፈጨችውን ዳጣ በብርጭቆ ዕቃ እየሞላች ክዳኑን በፌስታል ታስራለች። ቃል አልተነፈሰችም። እናቴ ዝም ካለች ነገሩን አልወደደችውም ማለት ነው፣ ግን ማን ጠየቃት?

ይሄን የምጽፈው እዚያ ወላይታ፣ ሻንቶ፣ ሶዶና ቦምቤ ላላችሁት፣ እንዲሁም እንደኔ እዚህ ናይሮቢ ለቀራችሁት ነው። ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ስንት ዓመት አልፎ ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም።

ያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ጨርሼ ነበር፣ ከክፍሌ ሁለተኛ ወጥቼ። የኔ ክረምት የታወቀ ነው፦ ጠዋት ስኳር ድንች መቆፈር፣ ከሰዓት የመዘምራን ልምምድ፣ ማታ ከጓደኞቼ ጋር የአሥረኛ ክፍል መጽሐፍ አስቀድሞ ማንበብ፣ ምክንያቱም አሥረኛ ላይ ብሔራዊ ፈተና አለ፣ እሱን ያለፈ አለፈ፣ የወደቀ ወደቀ። እንደዚያ እያልኩ ክረምቱን በጀመርኩበት ነው እትዬ ማርታ የመጣችው።

እትዬ ማርታ የአባቴ አጎት ልጅ ናት። በየክረምቱ ከናይሮቢ ትመጣለች፣ ሹራብ ታድላለች፣ ቤተ ክርስቲያን የፊተኛው ወንበር ይለቀቅላታል። ያኔ «እርስዎ» ነበር የምላት። በዚህ ጽሑፍ ግን «እሷ» እላታለሁ፤ ይቺን ታህል መብት አለኝ። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ አባቴን «ልጅቷን ስጠኝ፣ እኔ አስተምራታለሁ። እዚያ የሚያስተምረው ሰው ነው፣ ቴሌቪዥን አይደለም» አለችው። እውነቷን ነው፤ እኛ ያኔ የምንማረው በፕላዝማ ነበር። ከቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ የማናውቀው ሰው በእንግሊዝኛ እንደ ዥረት ይወርድብናል፣ ገና «ምን አለ?» ስንባባል ምዕራፉ ያልቃል፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ጭራሽ ይቀራል። አባቴ ዓይኑ በራ። በማግስቱ ሄዶ መሸኛዬን አወጣ። መሸኛ ከወጣልሽ ያ ትምህርት ቤት ከዚያ ወዲያ አያውቅሽም፣ ቦታሽን ለሌላ ይሰጣል።

መምህር ሆኖ አንድ ነገር ብቻ አልጠየቀም፦ እዚያ ትምህርት የሚከፈተው መቼ ነው? ለምን ይጠይቃል? ትምህርት በመስከረም ይከፈታል። ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች፣ ትምህርት በመስከረም ይከፈታል። እኔም አልጠየቅሁም፣ ሻንቶ ውስጥ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከሶዶ በአውቶቡስ ወጣን። የዳሞታ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ስለነበር ዞሬ እንኳ አላየሁትም። ዲላን ካለፍን በኋላ እንሰት እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ጠፋ፤ ጓሮው እንሰት የሌለው ቤት ሳይ ሰው የሚኖርበት አልመስል አለኝ። ሞያሌ ላይ የኛው ሰው፣ ፍተሻ ላይ የተቀመጠ፣ እኔን አየኝ።

«ወዴት ነው?»

«ናይሮቢ።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ልማር።»

«አገርሽ ትምህርት ቤት የለም? መንግሥት በየቀበሌው እየሠራ አይደለም እንዴ?»

እትዬ ማርታ ገባችበት። «ጌታዬ፣ በእንግሊዝኛ ነው የምትማረው።»

«እዚህስ በእንግሊዝኛ አይደለም? ፕላዝማው በምንድን ነው የሚያወራው?»

«ፕላዝማው ይፈጥናል» አልኩት። ሳቀና በእጁ እለፉ አለን።

ማዶ ያለው የኬንያ ፖሊስ ግን ሌላ ሳቅ ነው የሳቀው። እትዬ ማርታ «ሹሌ» ብላ ወደኔ ስትጠቁም፣ ሹሌ ማለት ትምህርት ቤት ነው፣ «ሹሌ? ሳሳ?» አለና ጥርሱን አሳየን። «አሁን?» ማለቱ ነበር፤ ይሄ የገባኝ ስዋሂሊ ካወቅሁ በኋላ ነው። እሷ ፈጠን ብላ እጁ ላይ አንድ ነገር ጣል አደረገች። እኛ «የሻይ» እንደምንለው እነሱም «ቻይ» ይሉታል፤ በዚህ እንኳ ወንድማማች ነን። ከዚያ በጭነት መኪና ሄድን፦ እሷ ጋቢና፣ እኔ ከላይ ባቄላ በሞላ ጆንያ ላይ። ናይሮቢ ስደርስ ፀጉሬ እንደ አገራችን እንደ ሁምቦ አቧራ ቀልቶ ነበር።

ብርዱን አልጠበቅሁትም። ከሞያሌው ሐሩር ወርጄ የሶዶን የሐምሌ ብርድ ናይሮቢ ላይ አገኘሁት፣ ደስም አለኝ። ደስታዬ እስከ በሩ ነበር። በሩ ላይ የወንድ ጫማ ተደርድሯል። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሻገሩ የኛ አካባቢ ልጆች መንገድ እስኪከፈትላቸው የሚያድሩት እትዬ ማርታ ዘንድ ነው ለካ። በነጋታው መጥረጊያና ባልዲ ተሰጠኝ። «እስከ መስከረም አግዢኝ» አለችኝ። ማገዝ ነውር የለውም፣ አገዝኩ። አንሶላ አጠብኩ፣ ድስት አጠብኩ፣ ኡጋሊ ማማሰል ተማርኩ። ኡጋሊ ያው የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ግን ቅቤ አያውቅ፣ በርበሬ አያውቅ፤ ከጎኑ ሱኩማ የሚሉት ጎመን ይቀመጣል፣ እሱም ተቀቅሎ ተስፋ የቆረጠ። እናቴ የላከችልኝን ዳጣ ለአመል ያህል እየቆነጠርኩ ደብቄ ነበር፤ አንድ ቀን ስገባ እንግዶቹ በሥጋ እየጠቀሱ ጨርሰውታል። «ለሰው ማቅረብ ጽድቅ ነው» አለች እትዬ ማርታ። ጽድቁ የሷ፣ ዳጣው የእናቴ።

አከራያችን ሽማግሌ ነበሩ፤ ሙዜ እንላቸዋለን፣ አባባ እንደማለት ነው። በየሳምንቱ እየመጡ በሩ ላይ ያለውን ጫማ ያያሉ።

«ማማ ማርታ፣ ቤቱን ያከራየሁት ለአንድ ቤተሰብ ነው።»

«ለጸሎት የመጡ እንግዶች ናቸው፣ ሙዜ።»

«ባለፈው ሳምንትም ጸሎት ነበር። የናንተ ጸሎት አሜን የለውም?»

እኔን ሲያዩ ደግሞ «ይቺስ?» ይላሉ። «ተማሪ ናት» ትላለች እትዬ ማርታ። ሙዜ ባልዲዬን አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

መስከረም ጠባ። እዚህ ማንም አያውቀውም፣ እኔ ግን በልቤ ቆጥሬ ደረስኩበት። ሻንቶ ልጆቹ ደብተር በጋዜጣ ሲለብዱ ታየኝ፣ አዲስ ሸራ ጫማ ሲሸት ታወቀኝ። ታጥቤ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ያለኝን ንጹሕ ቀሚስ ለብሼ ሳሎን ቆምኩ። በመስኮት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ሲያልፉ ይታያሉ።

«እትዬ ማርታ፣ ትምህርት ተከፍቷል። እንሂድ።»

ሻይዋን አላስቀመጠችም። «ይሄማ መጨረሻው ነው። ልጆቹ ለዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ነው የሚሄዱት። እዚህ ትምህርት የሚጀመረው ጃንዋሪ ነው።»

«ጃንዋሪ መቼ ነው?»

«በኛ ገና አካባቢ።»

«ሻንቶ ሲመጡ ያውቁ ነበር?»

«እዚህ ስኖር እንዴት አላውቅም?» አለችኝ፣ በእርጋታ። «አባትሽ መምህር አይደለም? ለምን አልጠየቀኝም?»

ሐምሌ ላይ ያመጣችኝ ለጃንዋሪ ትምህርት አይደለም፤ ለአንሶላው ነው። ታኅሣሥ ላይ ልታመጣኝ ትችል ነበር። ግን ታኅሣሥ ላይ ማን መሸኛ ያወጣል? በክረምት ነው ሰው ልጁን የሚሰጠው፣ በክረምት ነው ልጅ እጇ ባዶ የሚሆነው። ይሄን አስባበታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ለሷ ግን አልናገርም። «አስቴር!» ስትል ዕቃውን አቀብላታለሁ፣ ቃል አልሰጣትም።

ወደፊት ሄጄ ጃንዋሪን ልንገራችሁና ልመለስ፣ አለበለዚያ ያንገበግባችኋል። ጃንዋሪ መጣ። «ራስሽ ሄደሽ ጠይቂ» አለችኝ። ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ «የስምንተኛ ክፍል የኬንያ ፈተና ወስደሻል?» አለኝ። «የአገሬን ወስጃለሁ፣ ዘጠነኛንም ጨርሻለሁ» አልኩት። «የአገርሽን አገርሽ ያውቀዋል» ብሎ ስድስተኛ ክፍል ከሕፃናት ጋር አስቀመጠኝ። ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን ዞሬ ነበር የምጽፈው። ልጆቹ «ማማ» ይሉኛል። ጥቂት ታግዬ ተውኩት። ከሷም ቤት ወጣሁ፤ ዛሬ የራሴ ትንሽ ዱካ አለችኝ፣ ሱቅ ማለት ነው፣ ሳሙናና ዱቄት እሸጣለሁ፣ አልራበኝም። በቃ፣ ይሄው ነው።

አሁን ወደዚያው መስከረም እንመለስ፤ አገር ቤት ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ጊፋታ ደረሰ። ለማታውቁት፣ ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ቂም ይዞ መሻገር የለም። የተጣላ ሁሉ በሬው ሳይታረድ ሽማግሌ ፊት ይታረቃል፣ ታናሽ ታላቁን ይቅርታ ይጠይቃል። ደግ ባህል ነው፣ ብዙ ቤት አድኗል። እትዬ ማርታም ይሄን ከኔ በላይ ታውቃለች። ቀድማ ሻንቶ ደውላ «ልጅቷ አኩርፋኛለች» አለቻቸው።

ያኔ ቤታችን ስልክ የለም። ስልክ ያለው ስልጤው ባለሱቅ ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራው እዚያ ነው። በጊፋታ ዋዜማ እንግዶቹ ለበዓሉ የተገዛውን ሥጋ ከበው ተቀምጠዋል። እትዬ ማርታ ሞባይሏን አስደውላ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከሻንቶ መስመር ላይ የመጡት ሽማግሌው አቶ ዳና ነበሩ። የተነጋገርነው በወላይትኛ ነው፣ እኔ ነኝ ወደ አማርኛ የመለስኩት።

«አስቴር፣ ልጄ፣ ሳሮ ነሽ?»

«ሳሮ ነኝ፣ ጋሼ። ደኅና ነኝ።»

«ጊፋታ ደርሷል። አባትሽም እዚህ ቆሟል። ታናሽ አንቺ ነሽ፤ እትዬ ማርታን ይቅርታ በያትና በሬያችንን እንረድ።»

«ጋሼ፣ እርቅ ላይ ሁለቱም ወገን ነገሩን ያቀርባል። የኔን ማን ሰማ?»

«እውነት ነው። ተናገሪ።»

ስልኩን ከጠረጴዛው አንስቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። እትዬ ማርታ ተነሣች፤ እንግዶቹ እጃቸው ሥጋው ላይ ቀረ። ተናገርኩ። ትምህርት አልጀመርኩም አልኩ። እዚህ የሚከፈተው በገና ነው፣ እያወቀች ነው በሐምሌ ያመጣችኝ፣ የማጥበው የወንድ አንሶላ ነው አልኩ። አላለቀስኩም።

ከአቶ ዳና ኋላ ጋሽ ሸምሱ «ምን አለች? ምን አለች?» ሲል ይሰማኛል።

«ማርታ፣ ይሄ እውነት ነው?» አሉ አቶ ዳና።

«ጃንዋሪ ይከፈታል፣ ጋሼ» ብላ ጮኸች ከክፍሉ መሀል። «ጃንዋሪ ሩቅ ነው እንዴ?»

«እህ፤ እንግዲያ ይከፈታል» አሉ ሽማግሌው፣ እፎይ ብለው። «ይከፈታል ካለች ምን ቀረ? ልጄ፣ ታናሽ አንቺ ነሽ። በይ።»

የተታለልኩት እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂዋም እኔ! «አልልም» አልኩ። «በሬውን እረዱት። እኔ ግን አልልም።»

ለጊፋታ እርቅ እምቢ ያለ ሰው አላውቅም፤ እሳቸውም አያውቁም መሰለኝ፣ ስልኩን ለአባቴ አቀበሉት።

«አስቴር» አለ።

«አባባ።»

«ሱቁ ሰው ሞልቶበታል።»

«ይሙላ። መልሰኝ፣ አባባ። ሶዶም ይሁን፣ ሁምቦም ይሁን፣ የትም አስገባኝ። ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፣ እደርስበታለሁ። መምህር አይደለህ? አንተ ብትለምን እምቢ አይሉህም።»

«ለመምህራኑ በሙሉ ነግሬያለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዩኒፎርምሽ ሰማያዊ ነው ብያለሁ። ማርታ ናት ሰማያዊ ነው ያለችኝ።»

«ዩኒፎርም የለኝም።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባባ?» አልኩ።

«አለሁ። ነገ ሰው ሁሉ ቤታችን ይመጣል። ስላንቺ ሲጠይቁኝ ምን ልበል?»

«እውነቱን በል። አልጀመረችም በል። አምጥተን እዚሁ እናስተምራታለን በል።»

እናቴ ከጎኑ አንድ ነገር ስትናገር ሰማሁ፣ ምን እንዳለች አልለየሁም።

«እሺ» አለኝ መጨረሻ ላይ፣ ረጋ ብሎ፣ ክፍል ውስጥ ለልጆች እንደሚያስረዳው። «እሺ፣ ልጄ። ጀምራለች እላለሁ።»