ዘጠኝ ግጭትና አንድ እልልታ

ዕድሜዬ ከሰባ አልፏል። ይህን የምናገረው ወንበር እንድትለቁልኝ አይደለም፤ ጥፋቴን በልጅነት እንዳታሳብቡልኝ ነው።

ፒያሳ ውስጥ ባለችኝ ትንሽ ሱቅ ብዙ ዓመት ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ኖርኩ። ሰው ቴፑን ሲጥል እኔም አብሬ ተጣልኩ። ሥራ የፈታ ጭንቅላት ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ ኮምፒውተር ተማርኩና ለዓይነ ስውራን የድምፅ ጌም ሠራሁ። ሥዕል የሚባል ነገር የለውም። ተጫዋቹ በጆሮው ብቻ ቸርችል ጎዳናን ይሻገራል። ስልኩን አንዴ ሲነካ አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ ታክሲ ከግራ ሲመጣ በግራ ጆሮው፣ ከቀኝ ሲመጣ በቀኙ ይሰማዋል። የመንገዱን ድምፅ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሜ የቀዳሁት ራሴ ነኝ። አንድ ወያላ አዝኖልኝ "አባባ፣ ጠፍተው ነው?" ብሎኛል።

የግጭት ድምፅ ግን አላስገባሁም። ሰው ሲገጭ ቀድቶ ማሰማት ሟርት መሰለኝ። ስለዚህ ተጫዋቹ ሲገጭ በጽሑፍ እንዲነገረው አደረግኩ፤ ስክሪን ሪደሩ፣ ማለትም ስልክ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ፕሮግራም፣ ያንብበው ብዬ። ጽሑፉም እንደ እኔ ጨዋ ነበር፦ "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እግዜር አያምጣው እንጂ፣ አሁን መኪና ነክቶዎታል።" ከዚያ ጌሙ ይቀጥላል። ማዶ ሲደረስ ከአንድ ሠርግ የቀዳሁት እልልታ ይቀልጣል። በእኔ ኮምፒውተር ስሞክረው ሁሉም ልክ ነበር። ለሰባት ሰው ሰጠሁት።

ከሰባቱ አንዷ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። በአራት ዓመት ይበልጡኛል፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አንተ ይሉኛል። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ የእህታቸው ልጅ ሳትይዛቸው ወጥተው አያውቁም። ምኞታቸው አንዲት ናት፦ ቸርችል ጎዳናን ብቻቸውን ተሻግረው፣ ማዶ ካለው ኬክ ቤት ማኪያቶ አዝዘው መጠጣት።

አንድ ጠዋት የእህታቸው ልጅ ሱቄ አድርሳቸው ወደ ሥራዋ ሄደች።

"ሠላሳ ጊዜ ተሻገርኩ፤ አንዴም አልተነካሁም" አሉኝ። "ዛሬ በጆሮ አይደለም፣ በእግሬ ነው።"

"እስቲ ያሰሙኝ" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ስልካቸውን አውጥተው ጀመሩ። የእሳቸው ስክሪን ሪደር ከእኔ የተለየ ነው፤ ሞክሬው አላውቅም። ጣት ስልኩን በነካ ቁጥር የጀመረውን ንግግር ቁርጥ ያደርጋል። ታክሲ መጣ። ስልኩ "ይቅር" ብሎ ሳይጨርስ እትዬ ቀጣዩን እርምጃ ነኩ፤ ተቆረጠ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ይቅር"። እሳቸው ፈገግ አሉ።

"መንገደኛውን ሁሉ ጨዋ አድርገኸዋል፤ ሰው በገፋኝ ቁጥር ይቅርታ ይለኛል።"

እልልታው ቀለጠ። ስክሪን ሪደሩ የማያነበውን፣ ለራሴ ስክሪኑ ጥግ ያኖርኩትን መቁጠሪያ አየሁ፤ ዘጠኝ ግጭት ይላል።

ታክሲ ዘጠኝ ጊዜ ገጭቷቸው አላወቁም። ልነግራቸው አፌን ስከፍት የወጣው ግን "ሻይ ላምጣ?" የሚል ነው። ፈሪ ሰው ሻይ ያዛል። ጎረቤት ሻይ ቤት ሄጄ፣ ነገሩን እንዴት እንደማለሳልሰው ሳሰላስል ቆይቼ፣ ሁለት ብርጭቆ ይዤ ብመለስ ወንበሩ ባዶ ነው።

ብርጭቆዎቹን የት እንዳስቀመጥኳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ቁልቁል ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ቀድማኛለች። ሰፈሩ ፈርሶ መንገዱ ከሰፋ ወዲህ እትዬ በእጃቸው ዳስሰው የሚያውቁት ጥግ የለም። ፍሬን በጮኸ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ የሚያየው ሰው እንግዲህ እኔ ነበርኩ።

አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አገኘኋቸው። ነጭ በትራቸው ወርዶ አስፋልቱን ነክቷል። ልጣራ አልኩና ፈራሁ፤ ድምፄን ሰምተው ሲዞሩ አንድ እርምጃ ቢወርዱስ? አፌን በእጄ ይዤ ተጠጋሁ። ሚኒባስ ቁልቁል ይመጣል። ቀኝ እግራቸው ተነሳ። የነጠላቸውን ጫፍ ጨምድጄ ያዝኩ። ሚኒባሱ በፊታችን አለፈ፤ ንፋሱ ነጠላውን ከእጄ ሊወስደው ነበር።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"ምን ሆነህ ነው የምታለከልከው?"

ነገርኳቸው።

"ስንት ጊዜ?"

"ዛሬ ጠዋት ብቻ ዘጠኝ።"

"ዘጠኝ ጊዜ ገደልከኝና እልል አልክብኝ።"

"ሟርት እንዳይሆን ብዬ…"

"ሟርት ፈርተህ ሬሳ ልታደርገኝ ነበራ።"

ክንዴን ያዙ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "የቀሩት ስድስቱስ?" አሉ።

እነሱን አላሰብኳቸውም ነበር። እዚያው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ ደወልኩ። አምስቱ ቤታቸው ናቸው። ስድስተኛው ሰፈሩ ሁሉ የኔታ የሚላቸው፣ ከሁላችንም የሚበልጡ ሽማግሌ ናቸው። ስልካቸው ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። እትዬ "ድገም" አሉኝ። ደገምኩ። ተነሳ፤ ከእሳቸው ድምፅ በፊት የሰማሁት የመኪና ጎርፍ ነው።

"ቶሎ በል ልጄ፣ ልሻገር ነው።"

"ቁም" አልኳቸው።

ያለ እባክዎ፣ ያለ ይቅርታ። የኔታን አንቱ ያላልኩበት ቀን ያ ብቻ ነው። በዚያ ጫፍ በትር ድንጋይ ሲመታ ሰማሁ።

"ቆሜያለሁ" አሉ። "ምነው?"

አሁን ጌሙ ውስጥ ክላክስም ፍሬንም አለ፤ ድምፁ ስክሪን ሪደር አይጠብቅም፣ ጣትም አይቆርጠውም። አዲስ ሰው ጌሙን ሲጠይቀኝ፣ መጀመሪያ የራስህን ስልክ ይዘህ ና፣ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ተገጭ እለዋለሁ። እትዬ ማኪያቷቸውን ብቻቸውን ገና አልጠጡም። ሱቄ እየመጡ ይለማመዳሉ፤ ክላክሱ ሲጮህ ሁለታችንም ከወንበራችን እንዘላለን።