የማርያም ተራ

ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ክፍት ቦታ ለዓመታት የሰፈራችን ቆሻሻ መጣያ ነበር። አመድ፣ የተቀደደ ጫማ፣ የሞተ ውሻ ሳይቀር እዚያ ይጣላል። በየዓመቱ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ተሰብስበን በእሳት እናጥነውና በማግስቱ እንደገና መጣል እንጀምራለን። እኔም ስጥል ኖሬያለሁ፤ ንጹሕ ነኝ አልልም። ባለፈው ኅዳር ግን ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ድንገት ተናደድኩ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አመድ የሚደፋ ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው» አልኩ፣ ጎረቤቶቼ ሁሉ ባሉበት። ቁጡ መሆኔን ስለሚያውቁ ሁሉም «እሺ» አሉኝ።

ቀበሌው ቦታውን ለኮንቴይነር ሱቆች ሊሰጠው እንዳሰበ ይወራ ነበርና ማመልከቻ ጽፌ ሄድኩ። የቀበሌው ሰውዬ አንብቦ ሲጨርስ፣ «በጥር መጥተን እናያለን። የሰፈሩ ሰው አልምቶት ካገኘነው የሰፈሩ ነው፤ ካልሆነ ሱቅ ይቆምበታል» አለኝ። በሰቆጣ በጋ አታክልት ማልማት ምን ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል። አይችሉትም ብሎ እንደሆነ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ይኸው እልህ አስያዘኝ።

አሥር ቤት ሆነን ጀመርን። ቆሻሻውን ጠረግን፤ ድንጋይ እንደሆነ እኛ ዘንድ ሞልቷል፣ እሱን ለቅመን እርከን ሠራን። በገበያ ቀን ከአበርገሌ የሚመጡት ፍየሎች እንዳይገቡም ዙሪያውን ካብነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ጌሾ፣ በመንገዱ በኩል ደግሞ ጽጌረዳ ተከልን።

የቀረው የማጠጣቱ ተራ ነበር። የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ድልድሉን ለእኔ ተዉት አልኩ። ማንም ቀኑን እንዳይረሳ ብዬ እያንዳንዱን ቤት በሚዘክረው ቅዱስ ቀን መደብኩት። ሚካኤልን የሚዘክሩት በአሥራ ሁለት፣ ገብርኤልን የሚዘክሩት በአሥራ ዘጠኝ፤ ከልደታ እስከ በዓለ ወልድ አሥር ቀን ለአሥር ቤት። በሦስት በአራት ቀን አንዴ ውኃ ይደርሰዋል። በራሴ ተደነቅኩ። ሳነብላቸው ሁሉም «መልካም ነው» አሉ። ሃያ አንድ፣ ማርያም፣ የደረሰው ግድግዳ ለሚጋሩኝ ለእማሆይ ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ አፋቸውን የሚያይ አሮጊት ናቸው። እሳቸው ብቻ ወረቀቱን ትክ ብለው አዩና በአገራችን አገውኛ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር አጉረመረሙ። ምን እንዳሉ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ለአክስቴ ተዝካር ጋዝጊብላ ሄድኩ። መኪና እየጠፋ አሥር ቀን ቆየሁ። ስመለስ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ በቀጥታ ወደ አታክልቱ ሄድኩ። ቆስጣው መሬት ላይ ተኝቷል፤ አፈሩ ተሰነጣጥቋል። አንድ ጠብታ ውኃ አልነካውም።

የገብርኤልን ተራ የያዘችውን ጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።

«ምነው? ምን በደልኩሽ?»

«መምህርት፣ የገብርኤል ዕለት እንዴት አድርጌ መሬት ልንካ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

በወር በዓል መሬት እንደማይነካ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ በዓሉንም አዘቦቱንም ጠመኔ ይዤ ስቆም ኖሬ ነገሩ ከልቤ ወጥቷል። እንዳይረሱ ብዬ፣ ከወሩ ውስጥ ማንም ሥራ የማይሠራባቸውን አሥር ቀናት ለቅሜ ሰጠኋቸው።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«የተማርሽ ነሽ፣ አስበሽበት ይሆናል ብለን። ደግሞም ደስ ብሎሽ ነበር።»

ይሉኝታ ነው እንግዲህ። ደስታዬን ላለመንካት አታክልቱን ገደሉት። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ፤ በጣም አፈርኩ።

በዋዜማው ይጠጣ ብዬ ነበር፤ እሱም አልሆነም። የሰፈራችን ቦኖ ውኃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ደግሞ በዓል አይመርጥም። ስለዚህ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ።

«አባ፣ በበዓል ቀን አታክልት ማጠጣት ኃጢአት ነው?»

«ጥጃሽን በበዓል አታጠጪም?»

«አጠጣለሁ። ታስራ ትውል የለ?»

«አታክልቱስ ወንዝ ይወርዳል?» አሉና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

እየሮጥኩ ሄጄ የጥጃውን ነገር ለእማሆይ ነገርኳቸው። «አባ ለአንቺ ነው የነገሩሽ» አሉኝ። «እኔ ጉልበቴ እስኪዝል እመቤቴን ሳከብር ኖሬ በስተርጅና ውኃ ልቅዳባት?» እሳቸው እንዲህ ካሉ ሌሎቹም እንቢ እንደሚሉ ገባኝ።

ቢሆንም አልተውኩትም። የሞተውን ነቅዬ ሌላ ችግኝ ተከልኩ። ውኃው በልደት ቀን መጣ፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በነጭ ልብሴ ሰባት ጀሪካን ተሸከምኩ። ጎረቤቶቼ ከየበራቸው ሆነው ያዩኛል፤ በአዘቦት ቀን ያግዙኛል፣ በበዓል ግን ብቻዬን ነኝ። ወገቤ ተቆረጠ። ቤቴ ፊት ለፊት ኮንቴይነር ቆሞ ከማይ ግን ወገቤ ይቆረጥ አልኩ።

የቀበሌው ሰውዬ የመጣው በጥር ሃያ አንድ፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ነው። ቆስጣው ለምልሟል፣ ጽጌረዳው እንቡጥ ይዟል። ጎንበስ ብሎ አፈሩን ነካ።

«ማን ነው የሚያጠጣው?»

«ሁላችንም» ልል አፌን ከፈትኩና መዋሸት አቃተኝ። «በአዘቦት ሁላችንም ነን። በበዓል እኔ» አልኩት።

«ስንት ቀን በዓል እንዳለ አንቺም ታውቂያለሽ» አለና ደብተሩን አጠፈ። «ይኼማ የአንቺ ጓሮ ነው። የሰፈር ነው ብዬ ልጽፍ አልችልም።»

ልክ ነበር። ያን ሁሉ ቀን የተሸከምኩት ጀሪካን መልሶ በእኔው ላይ መሰከረ።

በዚህ መሐል እማሆይ ከቦኖው በኩል ብቅ አሉ። ከቅዳሴ እንደወጡ ናቸው፤ ቢጫ ጀሪካን በገመድ አዝለዋል። ለማናችንም ሰላምታ ሳይሰጡ በካቡ ክፍተት ገቡና ከጌሾው ጀምረው እግር እግሩን ማጠጣት ያዙ።

ሰውዬው ግራ ገባው። «እማሆይ፣ ዛሬ አስተርእዮ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

«የታሰረ ጥጃ በበዓልም ይጠማዋል፣ ልጄ።»

ቀና ስል የገብርኤሏ ጎረቤቴ ጀሪካኗን ይዛ እየመጣች ነው፤ ከኋላዋ ሌሎች ሁለት ሴቶች አሉ። ሰውዬው ያጠፈውን ደብተር ገልጦ ጻፈ፤ ሲጽፍ በትከሻው ላይ አሻግሬ አነበብኩት። «የሰፈሩ» ይላል።

እሱ ከሄደ በኋላ እማሆይ ባዶውን ጀሪካን አስይዘውኝ ነጠላቸውን አጣፉ።

«ያን ወረቀትሽን ልትቀይሪው ነው አሉ።»

«አዎ፣ እማሆይ። ስሕተት ነበር።»

«የሌላውን እንደ ፈለግሽ አድርጊ። ሃያ አንድን ግን እንዳትነኪ፤ የእኔ ተራ ነው።»