ቅናት ያጸዳው ክፍል

ሲግሩን በቱሪድ መልክ ቀንታ አታውቅም። ሁለቱም ስድሳን ተሻግረዋል፤ በዚያ ዕድሜ በመልክ መቅናት ጉልበት ማባከን ነው። የምትቀናው በባዶ ኮሪደሯ ነበር።

ቱሪድ የምትኖረው ፊት ለፊት ነው። በሯ በተከፈተ ቁጥር ኮሪደሩ ይታያል፦ አንድ ጥንድ ጫማ፣ አንድ የዝናብ ካፖርት፣ በቃ። ዝናብ በማያባራበት የኖርዌይ ከተማ በርገን በአንድ ካፖርት ደስ ብሎት የሚኖር ሰው አያናድድም? የሲግሩን ኮሪደር ግን በጎን ተሁኖ ነው የሚታለፈው። ካርቶን በካርቶን ላይ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ተጀምሮ የቀረ ሹራብ። ባለፈች ቁጥር ሁሉም «እኔንስ መቼ ነው የምታነሺኝ?» የሚሏት ይመስላታል። ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ይደክማታል።

ይህንንም ችላው ትኖር ነበር፣ ልጇ ሲልዬ አንድ ቀን ያንን ነገር ባትናገር። ሲልዬ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች። ቤቷ እየታደሰ ስለሆነ እናቷ ዘንድ ልትታረስ ነበር፤ ሲግሩንም ለወዳጅ ዘመድ አውርታ ጨርሳለች።

«እማዬ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለች ሲልዬ። «ቱሪድ ትርፍ ክፍሌን ልስጥሽ ብላኛለች። አንቺ ጋ የሕፃን አልጋ የት ይገባል? እዚህ ቤት መተንፈስ ያቅተኛል። ደግሞ ፊት ለፊት ነው፣ በየቀኑ ታይናለሽ።»

«እንደ ጎረቤት?» አለች ሲግሩን።

የገዛ ልጅ ልጇ እዚያ ማዶ ሲያለቅስ እሷ በር አንኳኩታ፣ ተፈቅዶላት ልትገባ!

የሕንፃው የጸደይ ደቦ የዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነበር። ከደቦ የቀረን ማንም አይወቅሰውም፤ ማን እንደቀረ ግን እስከሚመጣው ጸደይ ሁሉም ያስታውሳል። ገሚሱ ቅጠል ይጠርጋል፣ ገሚሱ አጥር ይቀባል፤ ዋፍል በቡናማ አይብ ይበላል። ግቢው መሀል የቆመው ኮንቴይነር ደግሞ ከየቤቱ የተረፈውን ሁሉ ይውጣል።

ሲግሩን ከሁሉም ቀድማ ካርቶኖቿን ታወርድ ጀመር።

«ምነው፣ ልትሰደጂ ነው እንዴ?» አለች ቱሪድ መጥረጊያዋን ተደግፋ።

«ቤቴን ላጸዳ ነዋ! ባዶ ቤት ላንቺ ብቻ ነው የተፈቀደው?»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ወገብሽን!»

«ወገቤ የራሴ ነው።»

የመጀመሪያውን ካርቶን ከፈተችው። ሳህኖች ናቸው፣ የቱሪድ። ሁለተኛውን ከፈተችው፤ የቱሪድ መጋረጃ። ሦስተኛው የሰፈሩ መዘምራን አሮጌ ልብስ ነው። ሲግሩን ክው አለች። በየዓመቱ ደቦ ላይ ሰው ሊጥል ሲል «ውይ፣ ያሳዝናል! እኔ ጋ ይቀመጥ» እያለች ከእጁ ስትነጥቅ ኖራለች። ያ ስትቀናበት የኖረችው ባዶ ኮሪደር ለካ ዕቃው እሷው ቤት ተቆልሎ ነው ባዶ የሆነው።

«ቱሪድ! ነይ እስቲ፣ ይሄ ያንቺ አይደለም?»

ቱሪድ አየችና ከት ብላ ሳቀች። «እስካሁን አለ? ጣይው እቴ፣ ረስቼዋለሁ።»

ረስቼዋለሁ! እሷ አደራ ነው ብላ ስንት ዓመት አቧራውን ስታራግፍ፣ የዕቃው ባለቤት ረስታው እንቅልፏን ትተኛለች። ሲግሩን አሁን በኮሪደሩ ሳይሆን በመርሳቷ ቀናች፤ ይኼኛው ደግሞ የባሰ አቃጠላት።

«የራስሽን ራስሽ ጣይ» ብላ ካርቶኑን አስታቀፈቻት። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ዋፍል ወደምትበላው ልጇ ዞረች። «የእኔ ትርፍ ክፍል ውስጥ እስከ ጣሪያ የተቆለለውስ የማን ይመስልሻል? የእጅ ኳስ ዋንጫሽ፣ የበረዶ ሸርተቴሽ፣ የትምህርት ቤት ጃኬትሽ። መተንፈስ ያቃተሽ በራስሽ ዕቃ ነው!»

ሲልዬ ፊቷ ቀላ። «እኔ አስቀምጪልኝ አልኩሽ? ልጥለው ስል እጄን የያዝሽው አንቺ ነሽ።»

እውነቷን ነው። ሲግሩን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ዕቃሽ እኔ ቤት ካለ መምጣትሽ አይቀርም ብዬ ነው» አለች።

ሲልዬ ሆዷን ደግፋ ተነሳች፤ መጥታ የእናቷን አቧራማ እጅ ያዘች።

«ሁሉንም ጣይው፣ እማዬ። ዕቃ ባይኖረኝም እመጣለሁ። አልጋውን እዚያው ትርፉ ክፍል እናስገባዋለን።»

ሲግሩን ደስታዋን ከመቅመሷ በፊት ዓይኗ ቱሪድን ፈለገ፤ ሰምታ እንደሆነ ለማወቅ። ሰምታለች። ካርቶኗን እንዳቀፈች ቆማለች።

«ታድለሽ» አለች ቱሪድ፣ ሳትስቅ።